የመኪና በር ጎማ ጉዳይ ይታሰብበት



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቆሻሻ አጣጣልና ስለ ዕድር መዋጮ ብዙ ተጽፏል። የመኪና በር ጎማ ግን «ይቺ ደግሞ ምን ቁም ነገር ናት» ተብላ ሳትነሳ ቆይታለች። እዚህ ሚኒያፖሊስ፣ አብዛኞቻችን መኪናችንን ውጭ በምናሳድርበት ሰፈር፣ ቁም ነገር ናት እላለሁ። ታክሲ የሚነዳውም ሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ሆስፒታል ፈረቃ የምትገባው እህታችን እንጀራቸው ያለው በዚያች መኪና ላይ ነው።

እንደሚታወቀው የዚህ አገር ክረምት የሐምሌ ዝናብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት (በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 33) ደርሶ ፖስታ ቤት እንኳ ደብዳቤ ማደል ያቆመበትን ቀን የነበርን ሰዎች አንረሳውም። ይሁን እንጂ ጎማውን የሚያስቀድደው ብርዱ ብቻ ሳይሆን ውኃው ነው። ቀን የቀለጠው በረዶ በጎማውና በብረቱ መሐል ይገባል፣ ማታ ይረጋል፣ ጠዋት ሁለቱን አጣብቆ ይጠብቀናል። ጎማውም በብርድ ደርቋል። እጀታውን ይዘን ስንመነጭቅ ከማዕዘኑ ላይ ይቀደዳል። እጀታው ራሱ ተነቅሎ እጅ ላይ የሚቀርበት ጊዜም አለ።

የሚመነጭቀው ታዲያ የቸኮለ ሰው ነው። ከተማው የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ ሲያውጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት (በዚህ አገር አቆጣጠር 9) ጀምሮ ለዚሁ ከተለዩት ዋና መንገዶች መኪና መነሳት አለበት። በማግሥቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በሌሎቹ መንገዶች ሙሉ ቁጥር ካለው ወገን፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ካለው ወገን ይነሳል። ያላነሳ መኪናው ይጎተትበታል። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ በሩ እምቢ ሲል ማን ይታገሣል?

ቢሆንም በሩን አትሳቡት፣ ግፉት። በትከሻችሁ ዙሪያውን ደገፍ ደገፍ ስታደርጉት በመሐል ያለው በረዶ ይሰበራል። እምቢ ካለ ሌላውን በር ሞክሩ፤ በአንዱ ገብቶ ሞተር አስነስቶ ማሞቅ ይቻላል። የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ ይዞ የሚወጣ ሰው ግን አሁንም አያለሁ። ይህስ ጨርሶ መቅረት ያለበት ነገር ነው። መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ የፈሰሰውም ውኃ ወዲያው ተመልሶ ይረጋል።

«ትንሽ ነፋስ ቢገባስ ምን አለበት» የሚሉ አሉ። ነፋስ ብቻ ቢሆን ጋቢ መደረብ ይቻል ነበር። ውኃ ይገባል እኮ! ምንጣፉ ይርሳል፣ ይሻግታል፣ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ላቦት ይዞ በረዶ ይሆናል፣ ወለሉም ውሎ አድሮ ይዝጋል። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ደግሞ የኋላው በር ጎማ ነው። ከማርሚታው ጫፍ በላይ ስለሆነ፣ ከተቀደደ የሞተሩ ጭስ በዚያ ሊገባ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 በኒው ጀርሲ፣ ፓሴይክ ከተማ፣ አባት በረዶ ሲዝቅ ሞተሩ በተነሳ መኪና ውስጥ ይጠብቁ የነበሩ እናትና ልጆች በጭስ ታፍነው ሞተዋል። የዚያ ምክንያት የማርሚታው አፍ በበረዶ መደፈኑ ነበር እንጂ ጎማ አልነበረም። ሆኖም እኛም ልጆቻችንን ሙቀት እንዲያገኙ ብለን መኪና ውስጥ አስቀምጠን ነው የምንዝቀው። የማርሚታው አፍ አስቀድሞ ይጠረግ፤ ልጆቹም እስክንጨርስ ቤት ይቆዩ።

ጥገናውን በተመለከተ፣ ትንሽ ቀዳዳ ላለው ጎማ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ቦታውን በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ፣ ለመኪና በር ጎማ ተብሎ የሚሸጠውን ጥቁር ማስቲሽ በሁለቱም ወገን ስስ አድርጎ መቀባት፣ እጅ ላይ ያዝ ያዝ እስኪያደርግ መጠበቅ፣ ከዚያ አጋጥሞ መጫንና በወረቀት ፕላስተር አስሮ ማሳደር ነው። ቶሎ የሚደርቀውን የቤት ሙጫ ተዉት፤ ድርቅ ብሎ በብርድ ይሰነጠቃል። ጎማው ተቆርሶ ከጎደለ ወይም ተጨፍልቆ ከቀረ ግን መለወጥ ነው። ብዙዎቹ ብረቱ ላይ በእጅ ተጭነው የሚገቡ ስለሆኑ ከተመሳሳይ ሞዴል አሮጌ መኪና ላይ ደህናውን ፈልጎ ማምጣት ይቻላል። ሲገባ አይለጠጥ። ደህና መሆኑን ለማወቅ አንድ ዶላር በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡ፤ ምንም ሳይዘው ሹልክ ካለ ጎማው ደክሟል።

ችግሩ ማስቲሹ በብርድ አለመያዙ ላይ ነው። በታኅሣሥ የተቀደደበት ሰው፣ የሚያሞቀው ጋራዥ ከሌለው፣ እስከ ሚያዝያ ድረስ በቀዳዳ በር ሊነዳ ነው ማለት ነው። በዚህ ሰፈር ግን ሙቀት ያለው ጋራዥ ያላቸው ቤቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ለለቅሶና ለሠርግ ድንኳን የሚተክል ሰው ለአንድ ሌሊት የመኪና ማሳደሪያ ይነፍጋል ብዬ አላምንም። ስለዚህ ማኅበራችን የፈቃደኞችን ተራ ይያዝ፣ ማስቲሹንም ከመዋጮው ይግዛ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። አንዱ ቱቦ ለብዙ በር ይበቃል።

ብርዱ ሳይመጣ፣ በጥቅምት ቅዳሜ፣ ጎማውን አጥቦና አድርቆ ሲሊኮን ግራሶ መቀባት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ያድናል። ቫዝሊንና የሞተር ዘይት አይሆኑም፤ ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ይህን ዓይነቱን ጎማ ያሳብጠዋል። ከበሩ ሥር ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችም በሽቦ ይከፈቱ። ጨው ለማስለቀቅ መኪና የምታሳጥቡ ደግሞ፣ በሩን ከፍታችሁ ዙሪያውን በፎጣ ሳታደርቁ አትሂዱ።

ጋራዥ ማዋስ የምትችሉም፣ ጎማ የተቀደደባችሁም፣ ከሰሌዳው ሥር በተንጠለጠለው ደብተር ላይ ስማችሁንና የሚመቻችሁን ቀን ጻፉ።