ያገለገለ ኩላንት ወዴት ይወገድ? የጅግጅጋና የአካባቢዋ ከተሞች ጥያቄ

ኩላንት በተለምዶ ፀረ-በረዶ ቢባልም በጅግጅጋ ዋና ሥራው ሌላ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ንጹሕ ውኃ በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የካራማራን ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ኩላንት የሚያስፈልገው ውኃው ቶሎ እንዳይፈላና ራዲያተሩ እንዳይዝግ ነው። ይሁን እንጂ ፈሳሹ ጊዜውን ሲጨርስ ይቀየራል፤ የሚወገድበት ቦታ ጥያቄም ያን ጊዜ ይነሣል።

የአብዛኛው ኩላንት መሠረት ኤትሊን ግላይኮል የተባለ ጣዕሙ ጣፋጭ የሆነ ኬሚካል ነው። በሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሊክ አሲድ ይለወጥና ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ኩላሊትን ይጎዳል። ያልተበረዘው 100 ሚሊ ሊትር ገደማ አንድን ጎልማሳ ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት ለኩላሊት ጉዳት ተዳርገው ከሞቱ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሳል ሽሮፖች ውስጥ ይህ ኬሚካልና የቅርብ ዘመዱ ዳይኤትሊን ግላይኮል መገኘታቸውን አስታውቋል። ከአንድ የቤት መኪና የሚወጣው 5 ሊትር፣ ግማሹ ውኃ ነው ቢባል እንኳ፣ ከ20 በላይ ሰዎችን ለመግደል የሚበቃ መርዝ ይይዛል።

በሌሎች አገሮች የሚሰጠው ምክር ፈሳሹን ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያ ማድረስ፣ ወይም የፍሳሽ ማጣሪያው አስተዳደር ሲፈቅድ በቤት ፍሳሽ መስመር መልቀቅ ነው። ሁለተኛው ምክር በመስመሩ መጨረሻ ማጣሪያ መኖሩን ታሳቢ ያደርጋል። የጉድጓድ መጸዳጃ በሚበዛበት በጅግጅጋ ግን ፈሳሹ የሚሄደው ወደ መሬት ውስጥ ነው። የጀረር ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ እስከ ቀብሪበያህ ድረስ በቧንቧ ይጠጣል። በሐርሺንና በሐርተሼክ ደግሞ ሕዝቡም ከብቱም የሚጠጣው በቢርካ የተጠራቀመ የዝናብ ጎርፍ ነው፤ ጎርፉ በመሬት ላይ የፈሰሰውን ሁሉ ይዞ ይገባል።

ኤትሊን ግላይኮል በአፈር ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን በቀናት ወይም በሳምንታት ስለሚበሰብስ ጥቂቱን መሬት ላይ ማፍሰስ አይጎዳም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። መበስበሱ እውነት ነው። ነገር ግን ያገለገለ ኩላንት ከራዲያተሩና ከሞተሩ ያጠበው እርሳስና መዳብ አይበሰብስም። ከዚህም በላይ ፈሳሹ እንደ ውኃ ቶሎ ስለማይተን ተኝቶ ይቆያል፤ በድርቅ ወራት የተጠማች ፍየል ደግሞ ኩሬውን አልፋ አትሄድም።

ሌላው አደጋ ዕቃው ነው። በዚህ አካባቢ ባዶ ጀሪካን እንደ ቆሻሻ አይጣልም፤ ውኃ ይቀዳበታል፣ ወተት ይጓጓዝበታል። ስለዚህ «ዕቃውን በጥንቃቄ ያስወግዱ» የሚለው ማሳሰቢያ ብቻውን አይበቃም። ሻጩ በእያንዳንዱ የኩላንት ጀሪካን ላይ መያዣ ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃው አሮጌውን ፈሳሽ ይዞ ሲመለስ ቢከፍል፣ መያዣውም ባዶ ጀሪካን ገበያ ላይ ከሚያወጣው ዋጋ ቢበልጥ፣ ማስጠንቀቂያ ያላስገኘውን ውጤት ጥቅም ያስገኘዋል።

ሕጉ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አደገኛ ቆሻሻን ያለ ፈቃድ ማስወገድን ይከለክላል፤ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ደግሞ የአደገኛ ቆሻሻን አያያዝና አወጋገድ ለብቻው ይደነግጋል። ሆኖም የሚረከብ ቦታ ሳይዘጋጅ ክልከላ ብቻ ቢነገር ሰው ፈሳሹን በሌሊት ያፈሳል። ስለዚህ ከከተማ አስተዳደሩ የሚጠበቀው በጅግጅጋ አንድ መረከቢያ መጋዘን ማቋቋም ነው፤ ጋራዦችም ክዳን ያለው የኩላንት በርሜል ከተቃጠለ ዘይት ለይተው እንዲያስቀምጡ ያስፈልጋል። ሁለቱ ካልተደባለቁ ኩላንቱ ተጣርቶ ዳግም ሊያገለግል ይችላል። የቶጎ ውጫሌና የቀብሪበያህ ጋራዦችም በዚሁ መንገድ በሚመላለሱ የጭነት መኪኖች ሊልኩ ይችላሉ።

እስከዚያው ድረስ ባለመኪናው ማድረግ የሚችለው ፈሳሹን በራሱ ጀሪካን መልሶ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ «መርዝ» ብሎ ጽፎ፣ ማንበብ ለማይችልም ምልክት ሥሎ፣ ልጅና ከብት ከማይደርስበት መቆለፍ ነው። ይህ ግን ማቆያ እንጂ ማስወገጃ አይደለም። ተረካቢ በሌለበት ከተማ አደገኛ ፈሳሽን የማስወገድ ኃላፊነት በባለቤቱ ትከሻ ላይ ብቻ መጣል፣ ዕዳውን ወደ ቢርካው ማስተላለፍ ነው።