ምጣዱስ ከየት መጣ?

የምግብ ጉብኝት የሚባል ነገር አለላችሁ። ሮም ወይም ኢስታንቡል የሄደ ሰው አስጎብኚ ይቀጥርና በእግሩ እየዞረ ሲቀምስ ይውላል። እዚህ ዳቦ፣ እዚያ አይብ፣ በየመሐሉ ታሪክ። ከእኛም ሰው ገንዘብ የተረፈው ይኸንኑ ያደርጋል፤ ተመልሶ ስለ ናፖሊ የፒዛ ምድጃ ሲያወራ፣ የእንጨቱ ዓይነት እንኳ ሳይቀረው፣ አፋችንን ከፍተን እንሰማዋለን። ደግ ነው። እየበሉ መማርን የመሰለ ምን አለ?

ጠቤ ከዚህ ጋር አይደለም። ጠቤ አዲስ አበባ ላይ እንግዳውን ይዘን ከምንዞረው ዙር ጋር ነው። መርካቶ ቅመም ተራ፣ ክትፎ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ቶሞካ፣ በመጨረሻም ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጨሶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አስጎብኚው ስለ ጤፍ ይናገራል፣ ስለ በርበሬ ይናገራል፣ የካልዲን ፍየሎች ለሺኛ ጊዜ ያስጨፍራል። ጀበናው ግን ከሰማይ የወረደ ይመስል አንድ ቃል አይነሣለትም። እንጀራው የተጋገረበት ምጣድስ?

መልሱ ሩቅ አይደለም። ከፒያሳ ወደ ሰሜን ሽቅብ ነው፤ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ቀጨኔ። እዚያ ሴቶች አፈሩን ከኮረብታው ቆፍረው በጀርባቸው ያመጣሉ፣ ይወቅጣሉ፣ ይነፋሉ፣ ያቦካሉ። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም፣ እጅ ብቻ ነው። ጀበናዋ ቅርጽ ይዛ ስትደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ትታሻለች፤ ከዚያ ሜዳ ላይ በባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ትተኮሳለች። ጭሱን የሚጠጡት እነሱ ናቸው። ዝናብ ከቀደመ የሳምንት ልፋት ገል ሆኖ ይቀራል። «አሁን እኮ ኤሌክትሪክ ነው» የምትሉኝ፣ እስቲ የቤታችሁን ምጣድ ገልብጡት፤ የብዙዎቻችሁ ሽቦ የተቀበረው ሸክላ ውስጥ ነው። በጎመን ዘር የምታሟሹት ምኑን ሆነና!

ታዲያ እነዚህን ሴቶች ምን ስንላቸው ኖርን? ቡዳ።

ልብ በሉልኝ፣ ስድቡ የመብል ስድብ ነው። «ቡዳ በላው» ነው የሚባለው። ማታ ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ተወራባቸው፤ ሲበሉ እንዳያዩን ሞሰባችንን ጋረድን፤ ልጅ ለልጅ መጋባት ነውር ሆነ። የምንበላበትን ሁሉ የሠራችውን ሴት «ሰው ትበላለች» አልናት! ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያለ ምፀት በልብ ወለድ አልገጠመኝም። ቃሉስ ቢሆን፤ «ጠይብ» ብለን የሰደብንበት ስም «ጠቢብ» ከሚለው የወጣ ነው። ጥበብን ስድብ ማድረግ ችሎታ ይጠይቃል።

አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር ባለእጆች ያስፈልጓት ነበር። ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት መጣ፣ ስንት ሄደ። ስድቡ ግን እስከ ዛሬ በሹክሹክታ አለ፤ በተለይ ሽማግሌ የሚላክ ዕለት ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

«ገመናችንን ለባዕድ እንዘርግፍ ወይ?» የሚል አይጠፋም። የኔ ወንድም፣ ገመናው የማን ነው? የእሷ አይደለም፣ የሰዳቢው ነው። ምግቡን «ባህላችን» ብለህ በዶላር ስትሸጥ ሙሉውን ሽጥ እንጂ! ሌላው ደግሞ «ድህነታቸው መታያ ይሁን?» ይላል። ይህኛውን አከብረዋለሁ። ያልተጠየቀች ሴት በጭስ ውስጥ እንዳለች ካሜራ ቢደገንባት እኔም አብሬ እቆጣለሁ። ግን ለጉብኝት ከተከፈለው ላይ ድርሻዋ ይሰጣት፣ ከፈለገች ራሷ ትናገር፣ ካልፈለገች ይለፏት። ተደራጅተው እንግዳ የሚቀበሉ ሸክላ ሠሪዎች እዚያው ቀጨኔ አሉ፤ መንገዱ አልጠፋም፤ የጠፋው ዙሩን ከዚያ የሚጀምር ሰው ነው።

ከዚያ ጀምሩት። መጀመሪያ ጭቃው፣ ቀጥሎ እሳቱ፣ ቀጥሎ ስድቡ፣ ከዚያ በኋላ እንጀራው። የሀገር ሰውም ይምጣ፤ ናፖሊን አውቆ ቀጨኔን የማያውቅ ሞልቶናል። ብቻ ጀበናዋን እያገላበጠ «ቀንሺልኝ እንጂ እናቴ!» የሚለውን አስጎብኚ ይዛችሁ እንዳትመጡ።