የጎርፍ ጭቃ ጠርጋችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ

ናይሮቢ ላላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ኢስሊና ማታሬ ወንዝ ዳር ለምትኖሩ፦ እንደ 2024ቱ ያለ ጎርፍ ቤታችሁ ገብቶ ጭቃ ከጠረጋችሁ በኋላ ትኩሳት ቢይዛችሁ፣ «ታይፎይድ ነው» ብላችሁ ከፋርማሲ በገዛችሁት ክኒን አትተኙ።

ሜሊዮይዶሲስ የሚባል በሽታ አለ። አምጪው ባክቴሪያ እርጥብ አፈርና ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ በተሰነጠቀ ተረከዝ፣ በትንፋሽ ወይም በመጠጥ ውሃ ይገባል። ስኳር ባለበት ሰው ላይ ይበረታል። ሳንባ ላይ ሲያርፍ ቲቢ ይመስላል። በ2016 የወጣ ጥናት በዓለም ላይ በዓመት 89,000 ሰው ይገድላል ብሎ ገምቷል።

«የታይላንድ በሽታ ነው» የሚላችሁ አይጠፋም። በ2019 የታተመ ጥናት ግን እዚሁ ኬንያ የተያዙ 5 ሕሙማንን መዝግቧል፤ በኪሊፊ ካውንቲም በሽታው ከተገመተው በላይ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል።

የናይሮቢ አፈር ተበክሏል ማለቴ አይደለም። ይመርመር ነው የምለው። ከተማዋ ናሙና መቅዳት ታውቅበታለች፤ በማርች 2018 ካሙኩንጂ ውስጥ ከተቀዳ ፍሳሽ የፖሊዮ ቫይረስ ሲገኝ፣ ሽባ የሆነ ልጅ እስኪታይ ሳይጠበቅ ክትባት ተሰጥቷል። ፖሊዮ ግን ከሰው አንጀት ስለሚወጣ ከፍሳሽ ቱቦ የሚቀዳ ናሙና ይበቃዋል። የሜሊዮይዶሲስ ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ስለሚኖር 30 ሴንቲሜትር ያህል መቆፈር፣ የተኛውን ውሃም አጣርቶ ማብቀል ይጠይቃል። አሜሪካኖች ሚሲሲፒ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲታመሙባቸው የአንዱን ግቢ አፈርና የኩሬ ውሃ መርምረው ባክቴሪያውን አገኙት፤ በጁላይ 2022ም ሐኪሞችን አስጠነቀቁ።

በሽተኛውን መመርመርም የራሱ ችግር አለው። ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያው በሚበቅልበት ምግብ ላይ ጄንታማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ይጨመራል፤ ሌሎቹን ይገታል፣ እሱን ግን በአብዛኛው አይነካውም። ያው ጄንታማይሲን ለከባድ ኢንፌክሽን ክሊኒክ ውስጥ የሚታዘዝ መርፌ ነው፤ ይህን በሽታ ግን ላያድን ይችላል! ላቦራቶሪም ቢሆን ካልጠረጠረ የበቀለውን «ብክለት ነው» ብሎ ሊጥለው ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ጭቃ ውስጥ ነበርኩ» በሉ፤ ስኳር ካለባችሁም ተናገሩ። አንቲባዮቲክ ከመጀመራችሁ በፊት የደም ካልቸር ይሠራልኝ በሉ። በሽታው ከተገኘ ሕክምናው ቢያንስ 10 ቀን በደም ሥር የሚሰጥ ሴፍታዚዲም ወይም ሜሮፔኔም፣ ከዚያም ቢያንስ 3 ወር ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ ሻል ሲላችሁ ካቋረጣችሁት ያገረሻል። ጭቃ የምትጠርጉ ቦት ጫማና ጓንት አድርጉ፣ ቁስላችሁን ሸፍኑ፣ ውሃ አፍሉ።