«አይስማማኝም» በቂ መልስ ነው

በአንድ ቤት ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ሁለት ዓይነት ባለሙያ ሊጠራ ይችላል። አንደኛው በመስመሩ ላይ ጭነት የበዛበትን ቦታ ይፈልጋል። ሁለተኛው በፊውዙ ቦታ ወፍራም ሽቦ አስሮ፣ አምፖሉ መብራቱን አይቶና ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ይህ ሁለተኛው ሰው ያስወገደው አደጋውን ሳይሆን መከላከያውን መሆኑን የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እኛ ግን በየሰርጉ፣ በየምርቃቱና በየግብዣው «መጠጥ አይስማማኝም» የሚል ሰው ሲያጋጥመን ባለ ሽቦውን ባለሙያ ሆነን እንገኛለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ልማድ በሳይንስ ሚዛን ሲመዘን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ማሳየት ነው።

የዶክትሬት ትምህርቴን የተከታተልሁት በጃፓን ነበር። በቤተ ሙከራችን አዲስ ተማሪ ሲመጣም ሆነ የቆየው ሲመረቅ አብሮ መጠጣት የተለመደ ነው። በአንድ እንዲህ ባለ ምሽት ከጎኔ የተቀመጠ ጓደኛዬ ግማሽ ብርጭቆ ቢራ እንደ ጠጣ ፊቱና አንገቱ በርበሬ መሰለ። «አይስማማኝም» ብሎ ብርጭቆውን ገፋ አደረገው። እኔም ባገሬ ልማድ «በሞቴ» ለማለት በማልችልበት ቋንቋ እየታገልሁ ሞላሁለት፤ እርሱም እንግዳን ላለማሳፈር ጠጣው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከምግብ ቤቱ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ሲያስመልስ ግንባሩን የደገፍሁት እኔው ነበርሁ። በማግስቱ ይቅርታ የጠየቀው ግን እርሱ ነው። እፍረቴ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጓደኛዬ ይህ እንደሚደርስበት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ተማሪዎች የሚደረግ ቀላል ፍተሻ አለ። 70 በመቶ አልኮል የነካ ቁራጭ ጨርቅ በክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለ7 ደቂቃ ይለጠፋል፤ ከተነሣ በኋላ ቆዳው ከቀላ የተማሪው ሰውነት አልኮልን እንደ ሌላው ሰው ማስወገድ እንደማይችል ይጠቁማል። እኔ የፊዚክስ ሰው ሆኜ፣ ልኬት የነገረውን ሐቅ በልማድ ሻርሁበት ማለት ነው።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። አልኮል በዋናነት በጉበት ውስጥ በሁለት ደረጃ ይለወጣል። በመጀመሪያው ደረጃ አሴታልዲሃይድ የተባለ መርዛማ ነገር ይሆናል። በሁለተኛው ደረጃ ኤ.ኤል.ዲ.ኤች. 2 የተሰኘው ኢንዛይም ይህን መርዝ ለአቼቶ ኮምጣጣነቱን ወደሚሰጠው አሴቲክ አሲድ ይለውጠዋል። በጃፓን፣ በቻይናና በኮሪያ ግን በኢንዛይሙ ሰንሰለት ላይ ካሉት 500 ያህል አሚኖ አሲዶች አንዱ ብቻ የተለወጠባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። በዓለም ላይ ቁጥራቸው ከ500 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ሁለተኛው በር ስለሚጠብባቸው አሴታልዲሃይዱ በደማቸው ውስጥ ይከማቻል፤ ፊት ይቀላል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ያቅለሸልሻል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች በቀላሉ ሊያሰሉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። ኢንዛይሙ የሚሠራው አራት አካላት ተጣምረው ነው። ጉድለቱን ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ጤናማውንና ጎዶሎውን አካል በእኩል መጠን ያመርታል ብንልና አራቱ በዕድል ቢገናኙ፣ አራቱም ጤናማ የሚሆኑበት ዕድል የአንድ ሁለተኛ አራተኛ ርቢ፣ ማለትም ከ16 አንድ ብቻ ነው። የቀሩት 15ቱ በልዩ ልዩ መጠን የተዳከሙ ናቸው። ስለዚህ «ግማሹን ብቻ ወርሷልና ግማሽ አቅም አለው» የሚለው ግምት ስሕተት ነው።

«ይለምደዋል» የሚለው ሁለተኛው ምክራችንም ከዚህ የተሻለ መሠረት የለውም። በ1972 እ.ኤ.አ. ፒተር ዎልፍ የተባሉ ተመራማሪ በጆሮ ጫፍ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን በመለካት የመቅላቱን መጠን አጥንተው፣ በጃፓናውያን፣ በታይዋናውያንና በኮሪያውያን ዘንድ ልዩነቱ ከውልደት ጀምሮ እንዳለ አሳይተዋል። እርሳቸው ምክንያቱ የነርቭ ሥርዓት እንደሆነ ገምተው ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን የኢንዛይሙ ጉድለት ተደረሰበት። ማብራሪያው ታረመ፤ ልኬቱ ግን ጸና። ከውልደት የመጣን ዘረ-መል በልምምድ መለወጥ አይቻልም። አዘውትሮ መጠጣት የመቅላቱንና የማቅለሽለሹን ስሜት ቢያደበዝዝም መርዙን አያስቀረውም።

መርዝ ስል አላጋነንሁም። አሴታልዲሃይድ ዲ.ኤን.ኤን ይጎዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከአልኮል መጠጥ ጋር የተያያዘውን አሴታልዲሃይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ የኢንዛይም ጉድለት እያለባቸው የሚጠጡ ሰዎች ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት በእጅጉ ከፍ ያለ ነው። ይህም ሆኖ ፊታቸው እንዳይቀላ የአለርጂ ወይም የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ክኒን ውጠው የሚጠጡ አሉ። ክኒኑ ቅላቱን ይደብቃል እንጂ አሴታልዲሃይዱን አያስወግድም። በፊውዝ ቦታ ሽቦ ማሰር ማለት ይህ ነው።

አንባቢ «ይህ የሩቅ ምሥራቅ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ይህ የዘረ-መል ለውጥ በአፍሪካ እምብዛም አይገኝም። ሆኖም «አይስማማኝም» የሚያሰኘው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንድ መድኃኒቶች ይህንኑ ኢንዛይም ያግዳሉ። በ1940ዎቹ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች ለአንጀት ትል ያሰቡትን ዳይሰልፊራም የተባለ መድኃኒት በራሳቸው ላይ ሲሞክሩ መጠጥ እንዳሳመማቸው አስተዋሉ፤ ይኸው መድኃኒት ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጠጥ ለማቆም ለሚሹ ሕሙማን መታዘዝ ጀመረ። መድኃኒት ላይ ያለ እንግዳ ለምን እንደማይጠጣ ለአጋፋሪ ማስረዳት አይጠበቅበትም። የአስም ሕመምተኛውም እንዲሁ፤ መጠጥ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላልና።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው እውነተኛው አለርጂ ነው። አለርጂ የኢንዛይም እጥረት ሳይሆን የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በተሳሳተ ጠላት ላይ የሚያነሣው ጦርነት ነው። ይህ ሥርዓት በአብዛኛው የሚለየው እንደ ፕሮቲን ያሉ ትልልቅ ሞለኪውሎችን ነው። የአልኮል ሞለኪውል ክብደት 46 ብቻ ሲሆን፣ በገብስ ውስጥ ያለውና የቢራ አለርጂ ከሚያስነሡት አንዱ የሆነው ፕሮቲን ክብደት ግን ወደ 10 ሺህ ይጠጋል፤ የጠመቃውን ሙቀትም ተቋቁሞ ብርጭቆ ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ለራሱ ለአልኮሉ አለርጂ መሆን እጅግ ብርቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው አብሮት ያለው ገብስ፣ ስንዴ፣ ወይን ወይም እርሾ ነው።

ይህ ልዩነት ለእኛ ማዕድ ትልቅ ትርጉም አለው። ለገብስ አለርጂ የሆነ ሰው ቢራም ሆነ የገብስ ጠላ ሊያውከው ይችላል። ከአዘኔታ የተነሣ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ ብናቀርብለትም ያው ገብስ ነው። ለማር አለርጂ ለሆነ ሰው ከጠጅ ይልቅ ብርዝ መስጠት ከጉዳት አያድነውም። በሌላ በኩል፣ ለለውዝ ወይም ለሌላ ምግብ አለርጂ ያለበት ሰው ከምግቡ ጋር አልኮል ሲጨመርበት ሕመሙ ሊበረታ ይችላል። ከጠጡ በኋላ ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ጉዳዩ የመቅላት ጉዳይ አይደለም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወትን ሊያሳጣ ስለሚችል ወደ ሕክምና ተቋም መሮጥ ያስፈልጋል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅም በራስ ላይ መሞከር ሳይሆን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፣ ብዙዎቻችሁ መጠጥ እንዳይሸጥላችሁ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተከለከለበት ዕድሜ ላይ፣ ማለትም ከ21 ዓመት በታች፣ ናችሁ። ነገ ግን ጋባዥም ተጋባዥም ትሆናላችሁ። ጃፓናውያን ሰውን ያለፈቃዱ ለማጠጣት መገፋፋትን የሚጠሩበት «አሩሃራ» የሚል ቃል አላቸው፤ ትርጉሙም በመጠጥ ማስጨነቅ እንደማለት ነው። እኛ ዘንድ ይኸው ድርጊት ስሙ ደግነት ነው። እንግዳን ማክበር መልካም ባህላችን ነው፤ ነገር ግን አክብሮት ከሆነ ከእንግዳው አፍ የወጣውን ቃል ማመንን ይጨምራል። «አይስማማኝም» የሚል ሰው ስለ ሰውነቱ ከማናችንም የበለጠ ረጅም ምልከታ አለው። ለምን ብሎ መመርመር የሐኪሙ ሥራ ነው። የጋባዡ ሥራ «ታዲያ ምን ይስማማሃል? ምንስ እንዳይቀርብልህ ልጠንቀቅ?» ብሎ መጠየቅና የጠየቀውን ማቅረብ ነው። እኔ ከዚያ ምሽት ወዲህ በሰው ብርጭቆ ላይ «በሞቴ» ብዬ አላውቅም።