መንዙማው ከመሃል ሲጀመር

ረመዳን ሲገባ፣ ከኢፍጣር በኋላ የሆሳዕና ወጣቶች አዳዲስ መንዙማና ነሺዳ በስልካቸው ያሰሙናል። አንዳንዱ ከመሃል፣ ከአዝማቹ ይጀምራል። እኛ የምናውቀው መንዙማ አላህን በማመስገንና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት በማውረድ ይከፈታል፤ መሪው ያወጣል፣ ጀማው ይቀበላል፣ ምክሩ ይከተላል፣ በዱዓ ይዘጋል። መግቢያው የት ሄደ ብለን ስንጠይቅ «ከረዘመ ሰው ያልፈዋል» ይሉናል።

ይህን ስንፍና አንበለው። በቲክቶክና በዩቲዩብ አንድ ሥራ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው አልጎሪዝም የሚባለው ስሌት ነው። ተመልካቹ ምን ያህል እንደቆየ፣ ለሌላ ሰው እንዳጋራ ይቆጥራል። ዩቲዩብ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከጠቅታ ብዛት ይልቅ ለእይታ ጊዜ ክብደት ሰጥቷል። በረዣዥም ቪዲዮ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈልም 1,000 ተከታይና በ12 ወር 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል። በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ለሚያቀርብ ሰው አድማጩ ጥቂት ነውና ይህ ዳገት ነው፤ ወደ አማርኛ ቢያዘነብል አይገርምም። በሆሳዕናና በዱራሜ የሚዘምሩ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም የሚለኩት በዚሁ ሚዛን ነው።

ስሌቱ የሚቆጥረው ግን የእኛን ጣት ነው። ሰለዋቱን እየዘለልን ልጆቹን ብንወቅስ ፍትሕ አይሆንም። በዚህ ወር ሙሉውን እናድምጥ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋችን የቀረበውን ለዘመድ እናጋራ። እናንተም ልጆቻችን፣ አጭሩን ለመጥሪያ አድርጉት፣ ሙሉውን ግን አታስቀሩ፤ ኒያችሁንም መርምሩ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።