ሹም የሚጠየቀው በማን ፊት ነው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ናጋድ የሚደርሰው ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ዛሬ ወላጆቻችን ይህን ርቀት በስልክ በቅጽበት ያልፉታል። ድሮ ግን ከንጉሡ ሰፈር እስከ ባሕር ዳርቻ መልእክት ለማድረስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ታዲያ ንጉሥ በዓይኑ የማያየውን አገር እንዴት ይገዛ ነበር? ዘንድሮ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ያከራከረን ጥያቄ ይህ ነው።

መልሱ በሹም ነው። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በግዛቶቻቸው ላይ ሴቶች ልጆቻቸውን ሳይቀር ሾመዋል። በሰሜን ደግሞ ወደ ምጽዋ የሚወስደውን አገር የሚገዛውን ባሕር ነጋሽ ከአካባቢው ሹማምንት ሁሉ በላይ አደረጉት። ነገር ግን ለባሕር ነጋሹ ጉልበት የሰጠው ርቀት ለመሸፈትም አመቸው። ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ በ1541 የመጡትን የፖርቱጋል ወታደሮች ተቀብሎ ዙፋኑን ለማትረፍ ረዳ። ኦቶማኖች በ1557 ምጽዋን ከያዙ በኋላ ግን ከእነርሱ ጋር ወግኖ በንጉሡ ላይ ተነሣ፤ በ1570ዎቹ መጨረሻም ከዐፄ ሠርፀ ድንግል ጋር ሲዋጋ ሞተ።

የነገሥታቱ መድኃኒት ሹም ሽር ነበር፤ ሹሙ ሥር ሳይሰድ መንቀል። መድኃኒቱም ሌላ በሽታ አመጣ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ብዙዎች የሹም ስግብግብነት አድርገው ይረዱታል። እኛ ግን ጥፋቱ የአሠራሩም ነው እንላለን። ሹሙ የሚተዳደረው በደመወዝ ሳይሆን ከገበሬው በሚሰበስበው ግብር ነው። መቼ እንደሚሻር አያውቅም። የሚፈራውም ንጉሡን እንጂ ግብር ከፋዩን አይደለም። ገበሬው «አቤት» ለማለት ቢፈልግ የንጉሡ ደጅ ሩቅ ነው።

በዚያው ዘመን ስፔን ሜክሲኮንና ፔሩን በእንደራሴ ትገዛ ነበር። እንደራሴው ዘመኑን ሲጨርስ ዳኛ ይሾምና የተበደለ ሁሉ ክሱን እንዲያቀርብ ይታወጅ ነበር። ግዛቱ በጉልበት የተያዘ ነው፤ ፍርዱም ከጉቦና ከአድልዎ አልጸዳም። ሐሳቡ ግን የሚወሰድ ነው፤ ሹም በሾመው ፊት ብቻ ሳይሆን በተሾመበት ሕዝብ ፊትም ይጠየቅ።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። ዘንድሮ ቤተ መጻሕፍቱ ከትምህርት በኋላም እንዲከፈት በክፍል ተወካዮቻችን በኩል ጠይቀን ነበር። መልሱን ሳንሰማ ዓመቱ አለቀ። ተወካዮቻችን በአንድ ግቢ፣ በአንድ ደረጃ ላይ አብረውን ይውላሉ፤ ስለዚህ በርቀት ማመካኘት አንችልም። እነርሱ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የምንተወው ሐሳብ አንድ ነው፤ በየመንፈቅ ዓመቱ ማብቂያ ተወካይ ሁሉ በክፍሉ ፊት ቆሞ ምን እንደ ጠየቀና ምን እንደ ተመለሰለት ይናገር። መምረጥ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ መጠየቅ ነው።