መቀነት ሲያጥር

ወልዳ ያሳደገች፣ ዕድሜዋ ወደ አርባው የተጠጋ እናት ወፈር ስትል ዘመድ ወዳጁ «ተመችቶሻል፣ አምሮብሻል» ይላታል። እርሷም ደስ ይላታል። ዱሮ ሁለት ሦስት ዙር ይዞራት የነበረው መቀነት ዛሬ እንዳጠራት ግን ልብ ብላ አታየውም። ሊጤን የሚገባው ግን ይኸው ነው።

ውፍረት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዣን ቫግ የተባሉ የማርሴይ ከተማ ሐኪም በዳሌና በጭን ላይ የሚወፍሩትን ከወገባቸው በላይ ከሚወፍሩት ለይተው፣ ለስኳርና ለደም ሥር በሽታ ይበልጥ የሚጋለጡት ሁለተኞቹ መሆናቸውን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1947 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣና በ52 አገሮች ከ27,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናትም ድንገተኛ የልብ ሕመምን አደጋ ለመገመት ከክብደት ይልቅ የወገብና የዳሌ ልክ እንደሚሻል አሳይቷል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በዳሌና በጭን ከቆዳ ሥር ያለው ስብ በአመዛኙ ባለበት ይቀመጣል። በሆድ ውስጥ አንጀትን ከብቦ የሚጠራቀመው ግን ቅባቱን በደም ሥር አድርጎ ወደ ጉበት ይለቃል። ከዚህ የተነሣ በደም ውስጥ ስኳርና ቅባት ይበዛል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ውሎ አድሮም የልብ ደም ሥሮች ይጠባሉ። የወር አበባ ሲቋረጥ ደግሞ ስቡ ወደ ሆድ ማዘንበል ስለሚጀምር፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ እናቶች የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው።

እህቶች ሆይ! ነፍሰ ጡር ካልሆናችሁ ራሳችሁን መለካት ትችላላችሁ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ትንፋሻችሁን አውጡ፤ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በታች፣ ከዳሌ አጥንት በላይ ባለው መካከል ሜትሩን ሳታጠብቁ አዙሩ። ልኩ ከ80 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከ88 ካለፈ ግን አደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ሐኪም ማማከር ያሻል።

ሆድን በመቀነት ጠፍሮ ማሰር ስቡን አያጠፋም። የሚያጠፋው እንቅስቃሴና የአመጋገብ ሥርዓት ነው። ከሥራ ስትመለሱ ጥቂት ፌርማታ በእግር ሂዱ፤ ከወጡ ላይ ቅቤና ዘይቱን፣ ከሻዩ ስኳሩን ቀንሱ። ሚዛኑ እምብዛም ባይወርድ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሆድ ከክብደት ቀድሞ ሊጎድል ይችላልና። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሰማ የሚጎዳ በመሆኑም፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ መታየቱን አትዘንጉ።

እናት ለልጆቿ ጤና እንደምትጨነቅ ሁሉ ለራሷም ልታስብ ይገባታል።